ለቀስት፦ ከላይኛው ክፍል

ውድ ቀስት፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ባትጠይቂኝ ይሻላል። ክፉ ወሬ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ደውዬ አልቅሼብሽ ነበር። ያቆየኝ ወሬው ደስ የሚል መሆኑ ነው። ደስታን ላንቺ በምን አፍ እንደሚነግሩሽ አላውቅበት አልኩ። በመጨረሻ እማዬ ሰልችቷት «ከሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማው፤ ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ?» ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀብላኝ ወጣች።

እንግዲህ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ወለድኩ። ሴት ናት። ቀኗን ሳትጠብቅ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ሻንጣዬ እንኳ ሳይዘጋጅ ነው የመጣችው። አሁን ስጽፍልሽ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ተኝታለች። በግራ እጄ ጀርባዋን ደግፌ በቀኜ ስለምጽፍ መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ቢልብሽ አትፍረጂብኝ። የተኛነው ደግሞ የት መሰለሽ? ላይኛው ክፍል። አዎ፣ የኛው ላይኛው ክፍል።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አሁንም አሉ። ጡረታቸው ደርሶ «ትንሽ ልቆይ» ብለው አስፈቅደው ነው አሉ፤ ትንሹ መቼ እንደሚያልቅ ግን የሚያውቅ የለም። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ድምፃቸው ያው ነው። ከማዋለጃ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር ሲያመጡኝ እንባዬ አልቆም ብሎኝ ነበር። ሲስተር ልጄን ከነርሷ እጅ ተቀበሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ቆይ እስቲ፣ አንቺ የኮምፒውተሯ ልጅ አይደለሽም?»

በአገጬ አዎ አልኳቸው።

«በይ ልብስሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ። ማልቀሱ ይደርሳል» ብለው ልጄን ደረቴ ላይ አስተኙልኝና ሁለታችንን በአንድ ሰፊ ጨርቅ ጠቀለሉን። ከዚያ ጨርቁን እያጠበቁ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ቀስት የምትስለዋስ? ደህና ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደህና ናት» አልኳቸው፣ ደህና ሁኚ አትሁኚ ሳላውቅ። ያን ጊዜ ሌላ ለቅሶ መጣብኝ፤ ይኼኛው ግን የልጄ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንቺን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እዚህ ሌላ ሥራ የለኝም፤ ልጅ ታቅፎ ጣሪያ ማየት ነው። ጣሪያውን ባየሁ ቁጥር ደግሞ የድሮው ቢሯችን ይመጣብኛል።

ቢሮ ካልነው ነው እንግዲህ። የሆስፒታሉ የአንሶላ መጋዘን ነበር። «ስታቲስቲክስ ክፍል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈው አስገቡን እንጂ መደርደሪያዎቹን እንኳ አላነሱልንም። በረኪና በረኪና ይሸታል። አንቺ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ መስኮቱ ነበር የምንቀመጠው፤ አንዳችን ለመውጣት ስንነሳ ሌላዋ ወንበሯን አስጠግታ ማሳለፍ ነበረባት። መስኮቱ የልብስ ማጠቢያውን ግቢ ያሳያል። ነጭ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቶ ነፋስ ሲገባበት፣ ሥራችንን ትተን አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር።

እኔ ያኔ የመድኃኒት ክፍሉን ፕሮግራም የምጠጋግን ልጅ ነበርኩ። አንቺ ደግሞ ነርስ ሆነሽ ሠርተሽ፣ ያንን ትተሽ ስታቲስቲክስ ተምረሽ የመጣሽ ነበርሽ። ነርስነቱን ለምን እንደተውሽው ስጠይቅሽ «መቆሙ እግሬን አመመኝ» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። ቀስት የሚለውን ስም ያወጣልሽ የጎረቤት ቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሰሌዳው ላይ ቀስት፣ የዳቦ መጠቅለያው ላይ ቀስት፣ አቧራ በያዘው የመስኮት መስታወት ላይ በጣትሽ ቀስት። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኛንም እርስ በርስ ታያይዘናለች» እያለ ይስቅ ነበር። ስምሽ ከዚያ ወዲህ ጠፋ። የደሞዝ መክፈያው ላይ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያንን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማርሽኝን ቀን ታስታውሺዋለሽ? እኔ የማውቀው ፕሮግራም ትእዛዝ ነው፤ ይህን ውሰድ፣ ደምር፣ አትም። አንቺ ግን ሌላ ነገር ይዘሽ መጣሽ።

«ይሄኛውን ትእዛዝ አትሰጪውም» አልሽኝ። «ታወሪለታለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ነገሩ እንዴት እንደመጣ። የቱ ከየቱ እንደተወለደ። ሕፃኑ ደካማ ነበር፤ ደካማ ስለሆነ ቀዘቀዘ፤ ስለቀዘቀዘ ታመመ። ያልተረጋገጠልሽ ቦታ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ‹እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም› ብለሽ ትጽፊለታለሽ። ከዚያ የተመዘገበውን ቁጥር ትሰጪዋለሽ። እሱ ወደ ኋላ እየሄደ፣ የነገርሽው ታሪክ ከቁጥሩ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያሰላል።»

«ይሄማ ሐሜት ነው እንጂ ፕሮግራም አይደለም» አልኩሽ።

ወንበርሽ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠቆምሽ።

«ያውልሽ አጣቢዎቹ። አንሶላ መሰብሰብ ሲጀምሩ ምን ይሆናል?»

«ይዘንባል።»

«እሺ፣ እኔ አሁን ወርጄ አንሶላውን ሁሉ ብሰበስበው ይዘንባል?»

«አጣቢዎቹ ይሰድቡሻል እንጂ አይዘንብም።»

«ያወቅሽው ደመናውን ስለምታውቂው ነው። የለመድሽው ፕሮግራም ግን ደመናውን የነገረው የለም። አንሶላ መሰብሰብና ዝናብ አብረው መጡ፣ በቃ፣ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው። እዚህ ቋንቋ ውስጥ ‹ሲሰበሰብ አየሁ› እና ‹እኔ ራሴ ሰበሰብኩት› የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለተኛውን ስትጽፊለት ከደመናው ወደ አንሶላው የመጣችውን ቀስት ይቆርጣታል። ምክንያቱም አሁን የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ፤ ደመናው አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታችን ሁሉ ይህ ሆነ። በሰርቪስ ስንሄድ ሾፌሩ ማፏጨት ሲጀምሩ መንገዱ ይዘጋጋል። «ዝም ብናሰኛቸው መንገዱ ይከፈት ይሆን?» ትይኛለሽ በጆሮዬ። በሳቅ እንፈርሳለን፤ ሰው ያየናል። ምን ያሳቃቸዋል ብሎ ቢጠይቀን ማስረዳት አንችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ባለቤቴ ይህን እንዳያነብ።

በዚህ መሐል ነው ዋና ሥራ አስኪያጁ የጠሩን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ ዛሬም የምለው ይህንን ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸው ሁለት ክፍሎች አሉን። ታችኛው አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ላይኛው የአሮጌው ሕንፃ ጫፍ ላይ ያለው የሲስተር ክፍል ነው፤ ቀለሙ የተላጠ፣ ማሞቂያ ሳጥኑ ለግማሾቹ እንኳ የማይበቃ። ላይኛው ክፍል የሚሞቱት ሕፃናት ታች ከሚሞቱት በብዙ ይበልጣሉ። ቁጥሩ ግልጽ ነው። እኛ የታዘዝነው ያንን በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አሳምረን እንድናቀርብ ነበር፤ ከዚያ ክፍሉ ይዘጋል፣ ነርሶቹ ይበተናሉ፣ ሲስተር ወደ መሣሪያ ማጠቢያ ይዛወራሉ።

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አልሽኝ ከቢሯቸው ስንወጣ። «የተጠየቀበት ጥያቄ ነው ያልገባኝ።»

ወደ ላይ ወጣን። ሲስተር ጨርቅ እያጠፉ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ወንበር ስበው አስቀመጡንና ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

«ቁጥሩን አሳይተውኛል» አሉ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው... ምናልባት እጄ ይሆናል። እጄ ከብዶ ይሆናል። ሰው እንዴት ያውቃል?» ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያዩ አዩዋቸው።

አንቺ ተነስተሽ ወጣሽ። ተከትዬሽ ስመጣ ደረጃው ላይ ቆመሽ አገኘሁሽ።

«እጃቸው አይደለም» አልሽኝ።

«እንዴት አወቅሽ? ገና ምንም አላሰላንም።»

«አላወቅኩም። ግን ሰው ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ሲል ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።»

ድምፅሽ ውስጥ የነበረው ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ለሲስተር አዝነሽ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን እዚህ ለእናቶቹ ሁሉ አውርቻለሁ። ኮምፒውተር አልነካሽም። ወንበር ይዘሽ ከማዋለጃው በር ላይ ተቀመጥሽ፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር ወደ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚወስን ስታዪ ሰነበትሽ። አንድ ቀን ወጣቱን ተረኛ ሐኪም ያዝሽው። አጠገብሽ ነበርኩ።

«ይሄኛውን ወደ ላይ፣ ያኛውን ወደ ታች የላክኸው ለምንድነው?»

«ይሄኛው ሁኔታው ከባድ ነዋ። ከባዱን ሁሉ ለሲስተር ነው የምንልከው።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ይሄ ምን ይጻፋል? ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው» ብሎን ሄደ።

ወረቀት አልያዝሽም ነበር። እስክሪብቶሽን አውጥተሽ እጅሽ መዳፍ ላይ ቀስት ሣልሽ፤ ከሕፃኑ ድካም ወደ ክፍሉ፣ ከሕፃኑ ድካም ወደ ሞቱ። «ደመናውን አገኘሁት» አልሽኝ። ዓይንሽ እንደዚያ ሲያበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ቀሪው ልፋት ነበር። የሕፃናቱ ድካም የትም አልተመዘገበም፤ ሲወለዱ የነበራቸው ክብደትና ሲደርሱ የነበራቸው የሰውነት ሙቀት ግን በየካርዳቸው ላይ አለ። ካርድ ክፍል ገብተን አንቺ ስታነቢ እኔ ስጽፍ ከረምን። ሹራባችን አቧራ ጠጥቶ ሰርቪስ ውስጥ ሰው ይሸሸን ጀመር። የሞቱትን ካርድ ስታነቢ ድምፅሽን አትለውጪም ነበር፤ ብቻ ካነበብሽ በኋላ ካርዱን በሁለት እጅሽ ነበር የምታስቀምጪው። ይህን አይቼ ምንም አልጠየቅኩሽም።

ከዚያ ጻፍነው። ሕፃኑ ምን ያህል ደካማ እንደነበር በቀጥታ እንደማናውቅ፤ ክብደቱና ሙቀቱ ግን ፍንጭ እንደሚሰጡ፤ ሐኪሙ ፍንጩን አይቶ ክፍል እንደሚመርጥ፤ ድካሙና ክፍሉ ተደምረው መጨረሻውን እንደሚያመጡ። ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነበር። ያ ሁሉ የካርድ ክፍል አቧራ ለዚያች አጭር ጽሑፍ ነው ብዬ አዘንኩ። መጀመሪያ «ያየነው» ብለን ጠየቅነው፤ ላይኛው ክፍል የባሰ ነው አለን። ቀጥለን ያንን ሌላውን ቃል ጻፍንለት፤ ሁሉንም ሕፃናት በእጃችን ወደ ታች ብንልካቸውስ? በእጃችን ወደ ላይ ብንወስዳቸውስ? ኮምፒውተሩ ማራገቢያው እያጓራ ቆየና መለሰ። ተገለበጠ። ላይኛው ክፍል የተሻለ ነው።

እኔ ጮኼ ዘለልኩ፤ ጉልበቴን መደርደሪያው መታኝ። አንቺ አልዘለልሽም። «እስቲ ቀስቶቹን እንደገና እንያቸው» አልሽ።

የስብሰባው ቀን ፈርቼ ነበር። ሐኪሞቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ ሲስተር ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጁ ተናግረሽ እስክትጨርሺ በትዕግሥት ሰሙሽና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና ይህን ያለው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እናንተ?»

«እኛ ነን» አልሽ። ከጠረጴዛው ሥር እግርሽን ረገጥኩሽ፤ ኮምፒውተሩ ነው በያቸው እንጂ! አንቺ ግን ቀጠልሽ። «ኮምፒውተሩ ያሰላው እኛ የነገርነውን ታሪክ ነው። ታሪኩ ከተሳሳተ መልሱም ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሰሌዳው ላይ የሣልኩት። የማትስማሙባት ቀስት ካለች አሁን ንገሩኝ።»

ከዚያ አንዷ አንጋፋ ሐኪም እጃቸውን አወጡ። «ከሩቅ ተወልደው የሚመጡትስ? መንገዱ ራሱ ይጎዳቸዋል። እሱን ረስታችኋል።» እውነታቸውን ነበር። አመስግነሽ ቀስቷን ጨመርሽ፤ እኔ እዚያው ጻፍኩት፤ ሁሉም የኮምፒውተሩን ማራገቢያ እየሰሙ ጠበቁ። ቁጥሩ ትንሽ ተነቃነቀ እንጂ አልተገለበጠም። ሌላው ሐኪም ደግሞ ሌላ ቀስት ጠቆመ። ሰዓቱ ሄደ። ሲስተርን የወቀሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ተጥደው ነበር።

«ታዲያ ላይኛው የተሻለው ለምንድነው? ማሽኑ ያለው ታች አይደለም እንዴ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ።

«ይህን ገና አላወቅንም» አልሽ። «የምንጠረጥረው ግን አለ። ላይ ሳጥኑ ስለማይበቃ ሲስተር ልጆቹን ቀኑን ሙሉ እናቶቻቸው ደረት ላይ ያስተኟቸዋል። ታች እናት የምትገባው ለጉብኝት ነው። በሩን ለእናቶች ይክፈቱት፤ ከዚያ ሁላችንም እናያለን።»

ከፈቱት። ወንበር ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ታችኛው ክፍል በእናቶች ተሞላ። በሚቀጥሉት ወራት የታችኞቹ ልጆች እንዴት እንደተሻላቸው አንቺው ቁጭ ብለሽ የቆጠርሽው ነው። ላይኛው ክፍል አልተዘጋም። ሲስተር ቢሯችን ድረስ ወርደው መጡና የሚቀመጡበት ቦታ ስላልነበረ በሩ ላይ ቆመው ሁለት እጆቻቸውን ከፍ አድርገው አሳዩሽ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ታሪክ ነበር አይደል? ግን ያቺ ቅዳሜ አለች።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ እኔ ቦርሳዬን እየያዝኩ ነው። «አንድ ነገር ጻፊልኝ» አልሽኝ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ተቀመጥኩ። አንቺ ወደ በሩ እንደዞርሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነገርሽኝ። ልጅ እንደነበረሽ እንኳ አላውቅም ነበር። ምጡ ሲጀምርሽ ነርስ ነኝ፣ አውቃለሁ ብለሽ ቤት እንደቆየሽ። ገና ነው፣ ገና ነው እያልሽ። ስትደርሺ እንደረፈደ። ወንድ ልጅ እንደነበረና ጥቂት ቀን ኖሮ እንደሞተ። ከዚያ በኋላ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ በሕፃናት ክፍል ኮሪደር ማለፍ እንዳቃተሽ።

«ወዲያው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር? ይህንን ጠይቂልኝ።»

ቋንቋው ይህንንም ይችላል። የሆነውን ሁሉ እንዳለ ይዞ፣ ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ቀን፣ አንዲት ነገር ብቻ ለውጦ መመለስ ይችላል። መቻሉ ነው የከፋው። አንቺ እየነገርሽኝ ቀስት በቀስት ጻፍኩት። የምትነግሪኝ ክብደት፣ የምትነግሪኝ ሙቀት የማን እንደሆነ እያወቅኩ ጣቶቼ እንዴት እንደታዘዙልኝ እንጃ።

መልሱ መጣ። አንድ ቁጥር አልነበረም፤ ያንኑ ቀን ደጋግሞ አስልቶ ያወጣቸው መልሶች በሁለት ክምር ተከፍለው ነበር። ትልቁ ክምር ያው አይተርፍም ነበር በሚለው በኩል ነው። «አየሽ?» አልኩሽ። «አየሽ፣ አብዛኛው...»

ዞር አልሽ። ጣትሽን ዘርግተሽ ትንሹን ክምር ነካሽ።

«ይቺስ?»

«ይቺማ ጥቂት ናት።»

«አውቃለሁ» አልሽኝ። «እኔ የምኖረው ይቺ ላይ ነው።»

ከዚያ እንደ ሌላ ጊዜው፣ እንደምታስተምሪኝ ዓይነት፣ ረጋ ብለሽ ተናገርሽ። «የሲስተር እጅ እንዳልሆነ ማወቅ የቻልኩት ብዙ ልጆችን አንድ ላይ አይቼ ነው። የኔ ግን አንድ ነው። ደግሞ ቀስቶቹን የሣልኳቸው እኔው ነኝ። ብፈልግ የሚፈርድብኝን፣ ብፈልግ የሚለቀኝን እሥላለሁ። ዳኛዋም እኔ፣ ምስክሯም እኔ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት የት ታይቷል?» ትንሽ እንደ መሳቅ አልሽ። «አጥፊው።»

አጠፋሁት። ወንበሬን አስጠግቼ ጎንሽ ተቀመጥኩ። ስታለቅሺ ያየሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙም ሳትቆዪ የሥራ መልቀቂያ አስገባሽ። ወደ ነርስነትሽ ልትመለሺ፣ ሩቅ ያለ ትንሽ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል። ተቆጣሁሽ። ያንን የጻፍነውን ፕሮግራም ማን ይይዘዋል፣ እኔ ብቻዬን ምን አውቃለሁ አልኩሽ። አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ስሸኝሽም እንዳኮረፍኩ ነበር። ሻንጣሽን ሲጭኑ ግን አላስቻለኝም።

«እግርሽስ?» አልኩሽ።

«የምን እግር?»

«መቆሙ እግሬን አመመኝ ብለሽ አይደል የተውሽው?»

«ተሻለኝ» አልሽኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣሽ።

እኔ እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ከአንሶላ መጋዘኑ አውጥተውን ሰፊ ቢሮ ሰጡን፤ በረኪና አይሸትም፣ ሳቅም ያን ያህል የለም። ለአዲስ ተቀጣሪዎች ቋንቋውን የማስተምረው እኔ ነኝ። «ታወሩለታላችሁ» ስላቸው የኔን ያህል ግራ ይጋባሉ። ቀስት መሣል ግን እንዳንቺ የሆነልኝ የለም፤ ሁልጊዜ ይጣመምብኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽና እጨርሳለሁ። ልጄ በመጣች ሰሞን ያ ያንቺ ነገር እኔንም ያዘኝ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ቢሮ ስንቀይር ካርቶን ተሸክሜ ነበር። ያንን ካርቶን ባላነሳው። ሐኪሟ እረፊ ስትለኝ ባርፍ። ጣሪያው ላይ በዓይኔ ቀስት ስሥል አድር ጀመር። ባለቤቴ «ተይ እንጂ፣ ደህና ናት እኮ» ይለኛል፤ የሚለውን እሰማለሁ፣ አይገባኝም። ያኔ አንቺ ትንሹን ክምር ስትነኪ፣ ሐዘን ቁጥሩን አሳስቶሽ ያነበብሽው መስሎኝ ነበር። ለካ በትክክል ነበር ያነበብሽው። ሰው የሚኖረው ትልቁ ክምር ላይ አይደለም። ልጄ ግን ብዙ ጊዜ አልሰጠችኝም። ታስነጥሳለች፣ ትርባለች፣ ከላይ እስከ ታች ታበላሸኛለች፤ አንዷን ቀስት ጀምሬ ሳልጨርስ ጨርቅ መቀየር ይመጣል። እሷ ናት ያዳነችኝ፤ ጥበብ አይደለም። አንቺ እንዲህ የሚያቋርጥሽ ሳይኖር ያንን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቻልሽው አሁን አሁን ነው የማስበው።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ፣ ሰርቪስ ውስጥ በመስኮት እያየሽ፣ ሳልጠይቅሽ፣ «ፀጉሩ ጆሮውን ይሸፍነው ነበር» አልሽኝ። ማንን እንደምትይ ገባኝ። መልስ ስፈልግ መውረጃዬ ደረሰና ወረድኩ። መልሱን ዛሬ ልስጥሽ።

ልጅሽ ቢኖር ኖሮ ብዬ አልጽፍልሽም። ልጅሽ ነበር። ፀጉራም ልጅ ነበር፤ እናቱ አይታዋለች፣ እናቱ ታውቀዋለች። ልጄ ነገር መስማት ስትጀምር «ካንቺ በፊት አንድ ወንድም ነበረሽ» ብዬ እነግራታለሁ። የምነግራት ግን ከዚህ የበለጠ የለኝም። ስለዚህ በደብዳቤም ይሁን፣ ልብሽ ከፈቀደልሽ መጥተሽ፣ ስለ እሱ አጫውቺኝ። ማንን እንደሚመስል። ድምፁ እንዴት እንደነበር። ስታቅፊው ምን እንዳልሽው። ዛሬ ካልቻልሽ ሌላ ጊዜ፤ ምንም አልቀየምሽም። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም፤ ልጅ ተኝታብኛለች።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ፣
የመስኮቱ በኩል ጓደኛሽ